ከተሞችን እንወቅ፦ በኢስት ኮልፋክስ ቤቱ የማን ነው?

በዚህ ዓምድ እንደ ተለመደው፣ ወደ አንድ የባዕድ ከተማ ጎራ ያሉ ጓዶች ያዩትንና የሰሙትን ለሌሎች ያካፍላሉ። በዚህ እትም ተራው የኛ ነው። በትምህርት ዕረፍት ሦስት ሆነን አራት ቀን በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች፣ ኢስት ኮልፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ ቆይተናል። ያደርነው በአገር ልጆች ቤት፣ የተጓዝነው በእግርና በ15 ቁጥር አውቶቡስ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተማሪ ወደ አዲስ ከተማ ሲሄድ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ሙዚቃ ያለበትን ቤት ይጠይቃል፤ በግድግዳ ላይ የተሣለውን ሥዕል ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ለሕዝብ ይሠራል የተባለውን ድርጅት ጎብኝቶ «ጥሩ ሥራ ነው» ብሎ ይወጣል። እኛም ይህንኑ አድርገናል፤ ደስም ብሎናል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ በየደረስንበት ደጃፍ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ተስማማን፦ ቤቱ የማን ነው? ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ፣ ሥዕሉ ምን እንደሚል፣ ክሊኒኩ ስንት ሰው እንደሚያክም ከመጠየቃችን ጋር፣ ጣራውና መሬቱ በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ ሞከርን። ሙዚቃም ሆነ ሥዕል፣ ዕድርም ሆነ ትምህርት ቤት ጣራ ይሻል። ጣራው ደግሞ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ የፈለገ ዕለት የሚሆነውን የሚወስነው እሱ ነው። ይህ ለስደተኛ የፍልስፍና ጥያቄ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ከዚህ በታች እናሳያለን።

1. ስለ ጎዳናው

ኮልፋክስ በስተ ምዕራብ ከጎልደን ከተማ ተነሥቶ ዴንቨርን ሰንጥቆ በስተ ምሥራቅ ወደ አውሮራ የሚዘልቅ፣ 26 ማይል ያህል ርዝመት ያለው የንግድ ጎዳና ነው። ስሙን ያገኘው ስካይለር ኮልፋክስ ከተባለ ፖለቲከኛ ነው። ሰውየው በ1865 ባርነትን የሚሽረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ አፈ ጉባኤ ነበር፤ ከ1869 እስከ 1873 የፕሬዚደንት ግራንት ምክትል ሆነ፤ በመጨረሻም ክሬዲ ሞቢሊየ በተባለው የባቡር ሐዲድ ኩባንያ የአክሲዮን ቅሌት ስሙ ጎድፎ ከሥልጣን ወረደ።

ጎዳናው የአገር አቋራጩ መንገድ ቁጥር 40 አካል ስለሆነ፣ ከምሥራቅ በመኪና ወደ ሮኪ ተራሮች የሚሄደው ሁሉ የሚያልፍበትና የሚያድርበት ነበር። በግራና በቀኝ የተደረደሩት ሞቴሎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። በ1960ዎቹ ኢንተርስቴት 70 የተባለው ፈጣን መንገድ በሰሜን በኩል ሲከፈት መንገደኛው ኮልፋክስን ተወው። ሞቴሎቹ በቀንና በሳምንት የሚከፈልባቸው የድሃ ማደሪያዎች ሆኑ።

ሁለተኛው ምት የመጣው በ1990ዎቹ ነው። በጎዳናው ምሥራቃዊ ክፍል ዙሪያ እንጀራ የሚሰጡ ሦስት ታላላቅ ተቋሞች ተራ በተራ ተዘጉ። በደቡብ በኩል የነበረው የላውሪ የአየር ኃይል ሰፈር በ1994 ተዘጋ። በሰሜን በኩል የነበረው የስቴፕልተን አውሮፕላን ማረፊያ በ1995 ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ከ1918 ጀምሮ የጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል የነበረው ፊትዝሲመንስም በዚያው ዐሥርት ዓመት ሥራውን አቆመ። ወታደሩ፣ አስተናጋጁ፣ መካኒኩ ሲሄድ ሱቁና አፓርትማው ባዶ ቀረ፤ ኪራይም ወረደ።

ባዶውን ቤት የሞላው ማን ነው? በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተ በኋላ ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሶማሌው፣ ከዚያም የበርማው፣ የኔፓሉ፣ የኮንጎው፣ የአፍጋኒስታኑ ሰው መጣ። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣውም ብዙ ነው። ይህ ሕዝብ ኢስት ኮልፋክስን የመረጠው ቆንጆ ስለሆነ አይደለም። ኪራዩ ርካሽ፣ አውቶቡሱም ሌሊትና ቀን የሚመላለስበት ስለነበረ ነው። ዛሬ ጎብኚ ሊያየው የሚመጣው የምግብ ዓይነት፣ የሙዚቃ ዓይነት፣ የጨርቅ ቀለም ሁሉ የተመሠረተው በዚያ ርካሽ ኪራይ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገላብጧል። ፊትዝሲመንስ የአንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ሆኗል። ስቴፕልተንም አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ሆኖ፣ ስሙ የተወሰደበት ከንቲባ በ1920ዎቹ የኩ ክላክስ ክላን አባል ስለነበረ፣ በ2020 ሴንትራል ፓርክ ተብሏል። የአውሮፕላን አብራሪ መወርወሪያ ወንበር ይሠራበት የነበረው የስታንሊ ፋብሪካ የምግብና የዕቃ ገበያ ሆኗል። ስለዚህ ኢስት ኮልፋክስ በየአቅጣጫው ዋጋቸው በናረ ሰፈሮች መሐል የቀረ ቀጭን ድሃ መሥመር ነው። ዋጋው ከጎን ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

2. ከዴንቨር መሐል እስከ ብሉበርድ

ጉብኝታችንን የጀመርነው ከምዕራቡ ጫፍ፣ ትልልቆቹ የሙዚቃ ቤቶች ካሉበት ነው። ፊልሞር የተባለው አዳራሽ በ1907 ለመንሸራተቻ ጫማ መጫወቻ የተሠራ ነው፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1999 ነው። ኦግደን በ1917 ተሠራ። ብሉበርድ በ1913 በሌላ ስም ሲኒማ ሆኖ ተከፈተ፤ ብዙ ውጣ ውረድ አይቶ በ1994 የሙዚቃ ቤት ሆነ። በእነዚህ ሦስት ቤቶች የሚሰማው ሙዚቃ ጥሩ ነው፤ ድምፁ ንጹሕ፣ መድረኩ ለተመልካች ቅርብ ነው። ዝግጅቱን የሚያካሂዱት ግን ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ናቸው፦ ፊልሞርን ላይቭ ኔሽን፣ ኦግደንንና ብሉበርድን ኤኢጂ። ቤቶቹ ከመፍረስ የዳኑት ትርፍ ስላዩባቸው ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው። ነገር ግን ማን መድረክ ላይ እንደሚወጣ የሚወስነው የቲኬቱ ሂሳብ ነው። ከጎዳናው ምሥራቃዊ ጫፍ ያለ ክራር መቺ በ15 ቁጥር አውቶቡስ ከደጃፋቸው ሊወርድ ይችላል፤ ወደ መድረኩ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከኦግደን ጥቂት ዕርምጃ ወደ ምሥራቅ ሄዶ በዳውኒንግ መንገድ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው ለኛ ለተማሪዎች ታላቅ ትርጉም ያለው ቦታ ላይ ይደርሳል። ሮዶልፎ ጎንዛሌስ የተባለ የቀድሞ ቦክሰኛና ባለቅኔ በ1966 «ክሩሴድ ፎር ጀስቲስ» የተባለውን የሜክሲኮ አሜሪካውያን ንቅናቄ መሠረተ። ድርጅቱ በ1968 በዚሁ ሰፈር አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ገዛ። «ገዛ» የሚለው ቃል ይሠመርበት። በዚያ ሕንጻ ውስጥ የስብሰባ አዳራሽ፣ የውዝዋዜ ቡድን፣ ቴአትር፣ የሥዕል ማሳያ፣ «ኤል ጋዮ» የተባለ ጋዜጣና በኋላም ትምህርት ቤት ነበሩ። በመጋቢት 1969 ከመላው አገር የመጡ ወጣቶች የተሰበሰቡበትን ጉባኤ ያስተናገደው ይኸው ድርጅት ነው። በመጋቢት 1973 ከፖሊስ ጋር በተነሣ ግጭት አንድ ወጣት ተገደለ፤ ጎረቤት ያለ የመኖሪያ ሕንጻም በፍንዳታ ተጎዳ። ንቅናቄው ከዚያ በኋላ እየደከመ ሄደ። ሆኖም ትላቴሎልኮ የተባለው ትምህርት ቤቱ እስከ 2017 ልጆች አስተምሯል። አንድ የወጣት ንቅናቄ ግማሽ ምዕት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ልጆች የሚማሩበት ቦታ ትቶ ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም። በስብሰባ ብዛት ቢሆን የኛም ማኅበሮች አይተናነሱም ነበር።

ወደ ምሥራቅ ስንቀጥል ኢስት የተባለው የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገኛል። የ«ኧርዝ፣ ዊንድ ኤንድ ፋየር» ባንድ አባላት የነበሩት ፊሊፕ ቤይሊ፣ ላሪ ደንና አንድሩ ዉልፎክ የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የጊታር ተጫዋቹ ቢል ፍሪሴልም እንዲሁ። ከኮልፋክስ በስተ ሰሜን ባለው ፋይቭ ፖይንትስ ሰፈር ጥቁሮቹ የጃዝ ተጫዋቾች በመሐል ከተማ ሆቴል ማደር ሲከለከሉ በሮሶኒያን ሆቴል ያርፉና ይጫወቱ እንደ ነበር በዴንቨር ሁሉም ያውቃል። ባለ ባሱ ቻርልስ በረልም በ1949 በዴንቨር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተቀጥሯል። ከዚህ የምንረዳው፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት መሣሪያና አስተማሪ ሲኖረው የሚያወጣውን ሰው የትኛውም የግል አዳራሽ ሊያወጣው እንደማይችል ነው።

ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት በ1988 የተመሠረተና በ2006 ወደዚህ የተዛወረ «ትዊስት ኤንድ ሻውት» የተባለ የሸክላ መደብር አለ። በመደርደሪያው ላይ የአገራችንን ሙዚቃ አገኘን። በ1997 በፓሪስ የተጀመረው «ኤትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት ነው። የሙላቱ አስታጥቄን፣ የጌታቸው መኩሪያን ሥራ በባዕድ መደብር ማየት ደስ ያሰኛል። ደስታው ግን ከታሪኩ አይለየን። በ1948 በወጣ ድንጋጌ በአገራችን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን በብቸኝነት የተያዘ መብት በ1969 ደፍሮ የጣሰው አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ነው። በ6 ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላዎች አሳተመ፤ በ1975 ተሰደደ፤ በዋሽንግተን ምግብ ቤት ከፈተ። ዛሬ በዓለም የሚመሰገነው የዚያ ዘመን ሙዚቃ አንድ ሰው «ማተሚያው የማን ነው?» ብሎ በመጠየቁ የተረፈ ነው ማለት ይቻላል።

3. ድንበሩን ተሻግሮ

ዮሰሚቲ የተባለውን መንገድ ሲሻገሩ ዴንቨር ያበቃና አውሮራ ይጀምራል። አውሮራ በ1891 ፍሌቸር ተብላ የተቆረቆረች፣ በ1907 ስሟን የለወጠች፣ በ2020 ቆጠራ 386,261 ሰው የነበረባት ከተማ ናት። ከነዋሪዋ አንድ አምስተኛው ያህል ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ ነው።

እዚህ ሦስት ቤቶች ጎበኘን፤ ሦስቱም የተለያየ ባለቤት አላቸው።

ሀ) አውሮራ ፎክስ። በ1946 ከጦርነቱ በተረፈ የቆርቆሮ ቅስት ጣራ የተሠራ ሲኒማ ነው። በ1981 ተቃጠለ፤ በ1985 ቴአትር ቤት ሆኖ ተከፈተ። ባለቤቱ የከተማው አስተዳደር ነው። የከተማ ንብረት በመሆኑ ለትርፍ ተብሎ አይሸጥም፤ በጀቱ ግን በምርጫና በምክር ቤት ድምፅ ይወጣል ይወርዳል። በዙሪያው ያሉት የግድግዳ ሥዕሎች ከተማው «የሥነ ጥበብ ቀበሌ» ብሎ በሰየመው ክልል ውስጥ ናቸው። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው። ሆኖም ግድግዳው ላይ ፊቱ የተሣለው ስደተኛ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ክፍል መከራየት እስከ መቼ ይችላል ብለን ሳንጠይቅ አላለፍንም።

ለ) ማንጎ ሃውስ። በ10180 ኢስት ኮልፋክስ፣ ቀድሞ የጄሲ ፔኒ የልብስ መደብር በነበረ ሕንጻ ውስጥ ነው። ፒ ጄ ፓርማር የተባለ ሐኪም ስደተኞችን የሚያክምበትን ክሊኒክ እዚህ አቋቁሟል። ከክሊኒኩ ጎን የየአገሩ ምግብ የሚሠራባቸው ትንንሽ ወጥ ቤቶችና ሱቆች አሉ። በአንድ ምሳ ሰዓት አምስት ስድስት ቋንቋ ይሰማል። ሥራው በልመና የቆመ አይደለም፤ በዋነኛነት የሚተዳደረው መንግሥት ለድሆች ሕክምና በሚከፍለው ሜዲኬድ ነው። ሰውየው የሠራው የሚደነቅ ነው። ቢሆንም የብዙ ሕዝብ ማረፊያ በአንድ ደግ ሰው ላይ የቆመ ነው።

ሐ) ቪሌጅ ኤክስቼንጅ ሴንተር። ከኮልፋክስ ወጣ ብሎ በሃቫና መንገድ ያለ፣ ምእመናኑ ያነሱበት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንጻ ነው፤ ከ2017 ጀምሮ የስደተኞችና የብዙ እምነቶች ቤት ሆኗል። የተለያዩ ጉባኤዎች በአንድ ጣራ ሥር በተለያየ ሰዓት ይሰበሰባሉ፤ የምግብ ዕደላም አለ። ስለ እምነት ያለን አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ሰዓት ተከፋፍሎ በአንድ አዳራሽ መጠቀም ለኛ ሰው ትምህርት ይሆናል።

ስለ አውሮራ ሲነሣ መታለፍ የማይገባው ሌላም አለ። በነሐሴ 2019 ኤላይጃ መክሌን የተባለ የ23 ዓመት ጥቁር ወጣት ከሱቅ ወደ ቤቱ በእግሩ ሲሄድ፣ ከዚሁ ጎዳና ብዙ ሳይርቅ በቢሊንግስ መንገድ ላይ ፖሊሶች ያዙት፤ አንገቱን አነቁት፤ የአምቡላንስ ሠራተኞች ከልክ ያለፈ የማደንዘዣ መድኃኒት ወጉት፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። ይህ ወጣት ቫዮሊን ይጫወት ነበር። በሰኔ 27 ቀን 2020 ሙዚቀኞች ቫዮሊናቸውን ይዘው በአውሮራ መናፈሻ ሊዘክሩት ሲሰበሰቡ ፖሊስ የአድማ መበተኛ ልብስ ለብሶ ገባባቸው። በ2021 ከተማው ለቤተሰቡ 15 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በ2023 አንድ ፖሊስና ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ጥፋተኛ ተባሉ፤ ሁለት ፖሊሶች በነጻ ተለቀቁ። መናፈሻ የሕዝብ ነው ይባላል። የሕዝብ ቦታም ቢሆን ሕዝቡ ተደራጅቶ ካልጠበቀው በአንድ ማታ ከእጁ ሊወጣ እንደሚችል ያ ሌሊት አሳይቷል።

በነሐሴ 2024 ደግሞ ከኮልፋክስ ጥግ በኖም መንገድ ያለ የአፓርትማ ሕንጻ ለዓመታት ሳይጠገን ቆይቶ ከተማው ዘጋው፤ ብዙ ቤተሰብ፣ አብዛኛው ከቬኔዙዌላ የመጣ፣ በጥቂት ቀን ማስጠንቀቂያ ጎዳና ላይ ወጣ። ዓለም የሰማው ግን በምርጫው ዘመቻ ስለ ወንበዴዎች የተባለውን ነው። ስለተበላሸው ቧንቧና ስለ አይጡ የተናገረው ጥቂት ነው።

4. የኛ ሰዎች

ዴንቨር ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እኅት ከተማ ናት፤ አውሮራም ከአዳማ ጋር እኅትማማችነት አላት። ይህ በወረቀት ነው። በሥጋና በደም ያለው ዝምድና በምግብ ቤቱ፣ በቡና ቤቱ፣ በበርበሬ መደብሩ፣ በታክሲው ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ማታ ወደ አንድ የአገር ልጅ ምግብ ቤት ገባን። አንድ ሰው በኪቦርድ ሙሉ ባንድ ሆኖ ይጫወታል፤ ሌላው በየመሐሉ ማሲንቆ ያነሣል። ከ5 ሰዓት በኋላ ጠረጴዛዎቹ ወደ ጥግ ተገፉ፤ እስክስታው ቀለጠ። ማሲንቆ መቺው ቀን በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ መጥቶ ከፊሉ ሲቀር፣ ኃይሉ መርጊያ ለብዙ ዓመት በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ በመኪናው ውስጥ ኪቦርዱን እየተለማመደ ኖረ፤ ዓለም እንደ ገና ያስታወሰው ከ2013 በኋላ ነው። ስንቱ ሳይታወስ እንደ ቀረ ማሰብ ነው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ እኛ «እትዬ» የምንላቸው፣ ነጋ ሲል ቡና አፍልተው አጠገባችን ተቀመጡ። ከመካከላችን አንዷ የሕግ ተማሪ መሆኗን ሲሰሙ ከመሳቢያ ወፍራም ወረቀት አወጡ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ይህን እይልኝ። ኪራዩ ሳይጨምር የምከፍለው ለምን ይጨምራል?» አሏት።

ወረቀቱን አብረን አነበብነው። የኪራይ ውሉ በዚህ አገር ለንግድ ቤት የተለመደው ዓይነት ነው። ተከራዩ ከኪራዩ ሌላ የሕንጻውን የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ይከፍላል። ስለዚህ ሰፈሩ በተወደደ ቁጥር የመሬቱ ግምት ይወጣል፤ ግምቱ ሲወጣ ግብሩ ይወጣል፤ ግብሩን የሚከፍለው ባለመሬቱ ሳይሆን እንጀራ የሚጋግሩት እትዬ ናቸው። ሀብቱ የሚጨምርለት አንድ ሰው ነው፤ የመጨመሩን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ከዚህም በላይ ውሉ ሲያበቃ የማደስ መብት የሚሰጥ አንቀጽ የለውም። 11 ዓመት የሠሩበት ቤት፣ ከኪሳቸው ያስገቡት ምድጃና የጭስ መውጫ ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ሊቀር ይችላል።

«እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አሉ እትዬ። እግዜር ቢያውቅም አከራዩም ያውቃል።

በማግሥቱ ወደ ማደሪያችን ያደረሱን አንድ በዕድሜ የገፉ የታክሲ ሾፌር ሌላ ታሪክ አጫወቱን።

«ጋሼ፣ መኪናው የራስዎ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«መኪናውም፣ ማኅበሩም» አሉ። «ድሮ ለኩባንያ በየሳምንቱ ብዙ መቶ ዶላር ከፍለን ነበር የምንነዳው። ሰው ጫንክ አልጫንክ ትከፍላለህ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ለነሱ ነው የምትሠራው፤ ለልጆችህ የምትጀምረው ሐሙስ ነው። ልጆች፣ ይኼ አገር ሰው አያባርራችሁም፤ የሚያባርራችሁ ኪራይ ነው።»

ጋሼ የነገሩን በዴንቨር የታወቀ ታሪክ ነው። በ2009፣ 262 ሾፌሮች ባለቤት የሆኑበት ዩኒየን ታክሲ የተባለ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ ጀመረ። በ2016 ደግሞ ግሪን ታክሲ የተባለው ተከተለ፤ 800 ያህል አባላቱ እያንዳንዳቸው 2,000 ዶላር አዋጡ። አባላቱ ከብዙ አገር የመጡ ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች በግንባር ቀደምነት ይገኛሉ። የመገናኛ ሠራተኞች የሙያ ማኅበር ረድቷቸዋል። ጋሼ ድርሻቸውን ያገኙት ከዕቁብ ነው፤ ተራቸው ሳይደርስ ዕጣውን የለቀቀላቸው አንድ ትግሬ ወዳጃቸው ነው።

ይህን የምንጽፈው ሁሉ ነገር ተሟልቶ አለቀ ለማለት አይደለም። ኮሎራዶ በ2014 ለኡበርና ለሊፍት ሕግ በማውጣት ከሁሉ ስቴት ቀዳሚ ሆነ፤ ዋጋው ወረደ፤ የታክሲው ገበያ ጠበበ፤ በማኅበሮቹ ውስጥም የአመራር ጭቅጭቅ ተነሣ። መኪናውን የያዘ ሰው ስልኩ ላይ ያለውን ፕሮግራም ካልያዘ እንደ ገና ተከራይ ይሆናል። ሾፌሮቹም ይህን ስለ ተረዱ በ2024 የራሳቸው የስልክ ጥሪ ያለው የሾፌሮች ኅብረት ሥራ ማኅበር በኮሎራዶ አቋቋሙ። ትግሉ ከመኪና ወደ ስልክ ተዛወረ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም።

«ታዲያ ጋሼ፣ ታክሲ በጋራ የያዘ ሕዝብ ስለምን አንድ አዳራሽ በጋራ አይይዝም?» አልናቸው።

ዝም ብለው ጥቂት ነዱ። «ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን ይዋጣል፤ ለመስጊድም ይዋጣል። የጋራ የሚባል ሲመጣ ግን ሊቀ መንበሩ ማን ነው፣ ባንዲራው የትኛው ነው ይባላል። አገር ቤት ጥይት በተተኮሰ ቁጥር እዚህ አንድ ዕድር ለሁለት ይከፈላል። መኪናው ላይ ባንዲራ የለም፤ ለዚህ ይሆናል የተስማማነው።»

5. ከዚህ ምን እንይዛለን?

ጥያቄው ዛሬ የሚያጣድፍበት ምክንያት አለ። በኮልፋክስ መሐል ለፈጣን አውቶቡስ የተለየ መሥመር ሥራ በ2024 ተጀምሯል፤ ሲጀመር በ2027 እንዲያልቅ ታስቦ ነው። አውቶቡሱ ያስፈልጋል፤ 15 ቁጥርን በየቀኑ የሚጠቀመው የኛው ዓይነት ሰው ነው። ተራማጅ ነን የሚል ሰው የሕዝብ መጓጓዣን ሊቃወም አይገባውም። ዳሩ ግን ቁፋሮው እስኪያልቅ ደንበኛ ይቀንሳል፤ ካለቀ በኋላ የመሬት ዋጋ ይወጣል። ተከራዩ በመጀመሪያው ይደክማል፤ በሁለተኛው ይለቃል። የኢስት ኮልፋክስ ነዋሪዎች ይህን አይተው «ኢስት ኮልፋክስ ኮሚዩኒቲ ኮሌክቲቭ» በሚል ስም ተደራጅተው፣ ስደተኛውና ድሃው ከሰፈሩ እንዳይነቀል እየሠሩ ነው። የኛ ሰዎችም ሊገቡበት ይገባል።

ከአራቱ ቀን ያገኘነውን በአጭሩ ብናስቀምጥ፣ ኩባንያ የያዘው ቤት ሙዚቃውን በቲኬት ይመዝነዋል፤ ከተማ የያዘው በበጀት ይወዛወዛል፤ ደግ ሰው የያዘው በሰውየው ዕድሜ ይወሰናል። አባላቱ በጋራ የያዙትም ጠብ አያጣውም፤ ነገር ግን ጠቡን የሚፈቱት ራሳቸው ናቸው። እኛ ይህን የመጨረሻውን እንመርጣለን። ስለዚህ ለየቅርንጫፉ ጓዶች የሚከተለውን እናቀርባለን፦

ሀ) በየምትኖሩበት ከተማ ያሉትን የአገር ልጆች ምግብ ቤቶች፣ የሙዚቃ ቤቶች፣ የማኅበር አዳራሾች መዝግቡ፤ ሕንጻው የማን እንደ ሆነና ውሉ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ። የባለንብረቱ ስም በየካውንቲው መዝገብ ቤት ለማንም ክፍት ነው።

ለ) ሕግና ሂሳብ የምታጠኑ ጓዶች በወር አንድ ቅዳሜ ውል አንብቡላቸው። ውሉ ከመታደሱ ከዓመት በፊት «የማደስ መብት» እና «ቤቱ ሲሸጥ ቀድሞ የመግዛት መብት» የሚሉ አንቀጾች እንዲገቡ መጠየቅ ይቻላል። አከራይ ሁሉ እሺ ባይልም፣ ያልተጠየቀ አንቀጽ ግን በራሱ ጊዜ አይገባም።

ሐ) ዕድሮች ሳይዋሐዱ፣ ባንዲራም ሳይቀያየሩ፣ በጋራ አዳራሽ ባለቤትነት ብቻ እንዲገናኙ የሚያስችል ረቂቅ መተዳደሪያ ደንብ እንዲዘጋጅ። በሃቫና መንገድ ያየነው የሰዓት ድልድልና የታክሲ ማኅበሮቹ «አንድ አባል አንድ ድምፅ» የሚል ደንብ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

መ) በየምግብ ቤቱ የሚጫወቱትን ሙዚቀኞች ቅዱ፤ ቅጂው ግን የሙዚቀኛው ንብረት መሆኑን በጽሑፍ አስፍሩ።

የእትዬ ውል የሚያበቃው በመጪው ዓመት ነው። ከላይ በ(ለ) የጠቀስናቸውን ሁለት አንቀጾች አርቅቀን ከመሄዳችን በፊት ሰጥተናቸዋል፤ እሳቸውም ለአከራዩ ጠበቃ ልከዋል። መልሱ ሲመጣ በዚሁ ዓምድ እናሳውቃለን። የየከተማችሁን መዝገብ እስከ ሚቀጥለው እትም ላኩልን።